ሁለት እፍኝ

ከባቡር ጣቢያው ኋላ፣ አንትወርፕ፣ አልማዝ ሰፈር፣
ትራም እነዳለሁ፤ ሆዴ ግን አልነዳ ብሎኝ ነበር።
ሰባት ደቂቃ አለችኝ፣ መጨረሻው ፌርማታ፣
ቆሜ የምጎርስባት፣ ጠዋትም ሆነ ማታ፤
ቀዝቃዛ ድንች ጥብስ፣ ማዮኔዝ የለበሰ፣
ገና ሁለቴ ስጎርስ ሰዓቱ የደረሰ።
ቃር ሲያቃጥለኝ ሌሊት፣ ስንጎራደድ በቤቴ፣
ኮቴዬን ሰማችው የታች ጎረቤቴ።

ሃንሳቤን ትባላለች፤ ከጉጅራት የመጣች፣
ለባሏ፣ ለአልማዝ መራጩ፣ አርባ ዓመት ምሳ የቋጠረች፣
ከባለመድኃኒት አያቷ እግር ሥር የተማረች።
«ምላስህን አውጣ» አለችኝ፣ በሬ ላይ እንደቆመች።
አወጣሁ። ነጭ ነው። ጥፍሬንም አየችው፤
የእጄን አንጓ ይዛ በሦስት ጣት አዳመጠችው።
«አንተ ነፋስ ነህ» አለች።
«ነፋስ መታኝ» ነበር እኛ ጋ የሚባለው፤
ሰው ራሱ ነፋስ ሲሆን ማንን ነው የሚከሰው?

«ሆድ ምድጃ ነው» አለች፣ «ጎተራ አይደለም፤
እርጥብ እንጨት ከምረህ እሳት አይነድልህም።
የጠዋቱ ጉርሻ ገና ሳይከስል
ሌላ አትጫንበት፤ ይጨሳል እንጂ አያበስል።
በረዶ ውሃ ተው፤ ለብ ያለውን ጠጣ፤
ፀሐይ አናት ስትሆን ትልቁ ምግብ ይምጣ።»

«ሃንሳቤን፣ ታኅሣሥ ነው፤ አንትወርፕ ነው አገሩ፤
ፀሐይን ካየኋት ሦስት ሳምንት ነው ነገሩ።
እሷን ጠብቄማ ምሳዬን ልበላ?
የካቲት ላይ ነዋ፣ ከሞትኩ በኋላ!»

ሳቀች። መዳፎቿን ገጥማ እንደ ጽዋ ዘረጋች፤
«ሁለት እፍኝ፣ በራስህ እጅ፤ ይኸው ሚዛንህ» አለች።
«ከሆድህ ግማሹን ለእህል፣ ሩቡን ለውሃ ስጥ፤
ሩቡ ባዶ ይደር፤ ነፋስህ የት ይቀመጥ?»
«ሆድ ከአገር ይሰፋል» ሲሉ ነው የማውቀው፤
ያንን ሁሉ አገር ለአራት ሸነሸነችው።

ቅዳሜ ገበያ ወጣን፤ ሳሪዋ ላይ ካፖርት ደርባ
ዱባውን አንኳኳችው፣ እንግዳ ሆና እንደምትገባ።
ጎመኑን አሸተተች፤ እንጆሪውን አለፈችው፤
«ታኅሣሥ ላይ እንጆሪ? መንገዱ ነው ያበሰለው።
ጣፋጭ አለህ፣ ጨው አለህ፣ ኮምጣጣም አታጣም፤
መራራውስ? አፍ የሚያኮማትረው? የሚሰነፍጠውስ?
ስድስቱን ያልቀመሰ ሰው
አይጠግብም፤ ዝም ብሎ ነው የሚያግበሰብስ።»

እሺ አልኩ። ተቀምጬ በላሁ። ስልኬን ከገበታ አራቅሁ።
ሳምንት አለፈ፣ ሌላም ሳምንት፤ ሆዴ ዝም አለ።
ሆዴ ዝም ባለበት በመጀመሪያው ሌሊት
ከወለሉ በታች ኮሽታ ሰማሁ፤
ፍሪጅ ተከፈተ፤ ላስቲክ ተንኮሻኮሸ፤
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት።

ወረድሁ። በሯን አንኳኳሁ፣ እሷ ዱባውን እንዳንኳኳችው።
ከፈተች። መብራት የለም፣ የፍሪጁ ብርሃን ብቻ፤
ቆማ እየበላች ነው፤ የትናንት ፒዛ፣ ከነካርቶኑ።

አየችኝ። አላፈረችም።
«ጃየሽ ከሞተ አምስት ወሩ» አለች።
«አርባ ዓመት ለሁለት ከትፌ ለአንድ መክተፍ አቃተኝ፤
የአንድ ሰው ሩዝ ድስቱ ውስጥ ይጠፋብኛል።
ያዘነ ሰው አይብላ ይል ነበር አያቴ፤
ሐዘኑ እስኪበርድ ይቆይ ይል ነበር።
እስከ መቼ እንደሆነ ግን አልነገረኝም።»

ምን ይባላል? መብራቱን አበራሁ።
ማሾና ሩዝ አጠብሁ፤ እርድ፣ ከሙን፣ ዝንጅብል፣
በጭልፋ ጫፍ ቅቤ።
መዳፌን ገጥሜ ሰፈርሁ፣ ሁለት እፍኝ በእኔ እጅ፤
ቀጥዬ የእሷን እጅ ዘረጋሁ፣ ሁለት እፍኝ በእሷ፤
ትንሽ ናት እጇ፣ የወፍ ጎጆ ታህላለች።

ተቀመጥን። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል።
የመብል ሰዓት አልነበረም፤ ሁለታችንም እናውቃለን።
«ጉጅራት ላይ ግን ነግቷል» አለች፣ ሕጓን ስታጣምም።
ቀመሰች። ዝም አለች። ደግማ ቀመሰች።
«መራራው ጎድሏል።»
«ለዛሬ» አልኳት፣ «ይቅር።»